አትሸፍኛት

ባለቤቴ ወንድና ሴት መለየት አይችልም ነበር። በአማርኛ ማለቴ ነው። በወላይትኛ ሲያወራ ንግግሩ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ወደ አማርኛ ሲሻገር ግን «ወንበሯ ተሰበረች» ይላል፣ ሴት ልጃችንን ደግሞ «ከትምህርት ቤት መጣ?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ ሶዶ ብወለድም አባቴ ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነበር፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬም አማርኛ ማስተማር ነበር። ሠላሳ ዓመት አረምኩት። «መጣች በል» እለዋለሁ። «እሺ፣ መጣች» ይላል፤ ወዲያው «ራበው መሰለኝ» ብሎ ይቀጥላል። አንቱታም አልሆነለትም። እናቴን እስከ ዕለተ ሞቷ «አንቺ» ሲላት ኖረ፤ እሷም መቀየሙን ትታ ትስቅበት ነበር። የእኔ ወላይትኛ ደግሞ የእሱን ዘመዶች በሳቅ ያፈርሳቸው ስለነበር ማንም ማንንም ሳይበድል ኖርን።

አንድ ሰው ላይ ብቻ አይሳሳትም ነበር፤ እኔ ላይ። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኩት።

«አንቺማ ታርሚኛለሽ» አለኝ።

ይህን ሁሉ የማነሳው፣ ከሞተ በኋላ ወራት ሙሉ ያብሰለሰለኝ ነገር ከዚሁ ከወንድና ሴት አነጋገር ስለመጣ ነው።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት የሠራው ቦምቤ ነበር፤ የትምህርት ሱፐርቫይዘር ሆኖ። እዚያ ክፍል ተከራይቶ ሳምንቱን ይቆያል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሶዶ ይመጣል። እኔ አንድም ቀን ቦምቤ ሄጄ አላውቅም፤ በየሳምንቱ የሚመጣን ሰው ምን ልሠራ እከተለዋለሁ ብዬ። አንድ ሐሙስ ከቢሮ ሲወጣ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። የሥራ ባልደረቦቹ እሱንም ዕቃውንም በአንድ ቀን አመጡልኝ። ፍራሽ፣ ሬዲዮ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ ኮት፣ ስልክ። ዕቃውን ሳልነካ ጓዳ አስቀመጥኩት።

በስምንተኛው ወር የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌና የባለቤቴ እህት አብረው መጡ። እህቱ ከእኛ ሁለት ቤት ዝቅ ብላ ነው የምትኖረው። ሽማግሌው ቁጭ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሙት ዓመቱ ላይ የምስጋና ፕሮግራም ይኖረናል። ስለ ሥራው ቢሮው ይናገራል፤ ስለ አገልግሎቱ እኛ እንናገራለን። ስለ ትዳሩ ግን የምትመሰክሪው አንቺ ነሽ። ረጅም አይሁን። ታማኝ ባል ነበር ማለት ነው፣ ይኸው ነው።»

«እሺ» አልኩ። በዚያን ዕለት ቃሉ አልከበደኝም ነበር።

«ፎቶውንም አሳድገን ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን» አለች እህቱ። «ከስልኩ ውስጥ ጥሩውን ምረጥ።»

«ምረጪ።»

«ያው ነው።»

ወንድሟን ነበር የምትመስለው በዚህ ነገር፤ እኔን ግን እንደ እሱ አልማረችኝም።

ፎቶ ልፈልግ ብዬ ነው ስልኩን የከፈትኩት። ወደ መልእክቶቹ ለምን እንደገባሁ አልዋሽም፤ ፎቶ እዚያ አይቀመጥም። «ቦምቤ ቤት» ብሎ በመዘገበው ቁጥር የላካቸው መልእክቶች ነበሩ። መልስ የለም፤ የሚቀበለው ሰው ይደውል ነበር እንጂ አይጽፍም፤ የጥሪው ዝርዝር እንደዚያ ያሳያል። መልእክቶቹን በቃሌ ስለያዝኳቸው እዚህ ስጽፍ ስልኩን ማየት አላስፈለገኝም።

«ትንሽ ናት። ብርድ እንዳይመታት።»

«አትሸፍኛት። ብርሃን ትወዳለች።»

«ዛሬ እንዴት ዋለች?»

«ለባለቤቴ ገና አልነገርኩም። ካላየች አታምንም።»

የመጨረሻው የተላከው ረቡዕ ነው፤ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው። «ቅዳሜ ይዣት እሄዳለሁ። ባለቤቴ ትያት።»

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ያለቅሳል ይባላል። እኔ ያደረግኩት እንደ ተማሪ ደብተር ማረም ነው። አምስት መልእክት፣ አንድም ስህተት የለም። ናት፣ እንዳይመታት፣ ትወዳለች፣ ዋለች። የገዛ ልጁን «መጣ» የሚል ሰው፣ እዚህ ግን አንዴ እንኳ አልሳተም። እንዲህ የሚጠነቀቅላት ማን ናት? «አትሸፍኛት» የሚላትስ ሴት? አንቱ የማትባል፣ በዕድሜ ያልገፋች። አንዲት ሴትና አንዲት ትንሽ ልጅ ቦምቤ ውስጥ ቤት አላቸው፤ ቤቱም «ቦምቤ ቤት» ይባላል። በዚያ ቀን የደረስኩበት ድምዳሜ ይህ ነበር። ቅዳሜ ልጅቷን ይዞልኝ ሊመጣ ነበር፤ ሞት ቀደመው።

ከዚያ ወዲህ «ታማኝ» የሚለው ቃል አፌ ውስጥ እንደ ጠጠር ሆነ። የምፈራው ከቤት ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ መዋሸትን ነው። ከዚያም ይበልጥ የምፈራው፣ እውነት ሆኖ ሳለ ሳልለው መቅረትን ነው። አራት ወር ነበረኝ።

ተፈጥሮዬ ራሱ ተጠራጣሪ መሆኑን አልደብቅም። ቅቤ ስገዛ በስንጥር መሃሉን ወግቼ ሳላሸት አልገዛም። ማር የሚሸጡልኝ ሴትዮ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «መርማሪዋ መጣች» ይላሉ። ጡረታ በወጣሁ ዓመት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ባለቤቴ ካሞሚል የሚባል ሻይ በካርቶን ገዝቶ አመጣልኝ፤ ለእንቅልፍ ጥሩ ነው አሉኝ ብሎ። አንዷን ከረጢት ቀድጄ ሳህን ላይ ዘረገፍኳት። የሣር ድቃቂ የመሰለ ነገር ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አበባ ነው ይላል ካርቶኑ።»

«ካርቶኑማ ምን አፍ አለው! ሲበቅል በዓይኔ ያላየሁትን አልጠጣም።»

እሱ ስቆ ካርቶኑን ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠው። ነገሩ በዚህ አለቀ ብዬ ረሳሁት።

መልእክቶቹን ባነበብኩ ማግስት ኮቱን አወጣሁ። በውስጥ ኪሱ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አራት ቦታ ታጥፎ ተገኘ። ስከፍተው ከጤፍ ያነሰ፣ ትንፋሽ የሚበትነው ግራጫ ነገር ነው። ልትጠይቀኝ የመጣችው የባለቤቴ እህት ከበላዬ ሆና እያየች ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«መስተፋቅር ነው!»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ኮት ውስጥ የተገኘ ዱቄት ሌላ ምን ሊሆን ነው? አንዷ አዙራበት ነው። አቃጥለው። እጅህንም በሎሚ ታጠብ።»

ስለ መልእክቶቹ አልነገርኳትም። ወንድሟ ነው፤ ለአንዳችንም አይበጅም። ቃሏ ግን እሳቴ ላይ እንጨት ጨመረ። እሷ ከሄደች በኋላ መነጽሬን አድርጌ ዱቄቱን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቼ መረመርኩት። እያንዳንዱ ቅርጽ አለው፤ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ወገቡ ላይ መስመር ያለበት። ዱቄት አይደለም፣ ዘር ነው። ዘር ደግሞ አይዋሽም። ጎመን ነኝ ብሎ ጥቅል ጎመን አይሆንም። ልዘራውና ምን እንደሆነ ራሱ ይንገረኝ አልኩ።

ከቤቱ ጀርባ፣ ቆሻሻና አመድ ዘወትር የሚደፋበት ጥቁር አፈር አለን። እዚያ ነጭ ሽንኩርትም ጎመንም እምቢ ብሎኝ አያውቅም። አፈሩን ገለበጥኩ፣ ያረጀ እበት ቀላቀልኩበት፣ ቦይ አውጥቼ ከዘሩ ግማሹን ዘራሁና እንደ ወጉ አፈር መለስኩበት። በእግሬም ጠቅጠቅ አደረግኩት። በዚህ አገር ዘር ሳይሸፍን የሚተው ሰው ከሰነፍ ይቆጠራል፤ ለወፍ ዘራ ይባላል።

አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። በየጠዋቱ ጎንበስ ብዬ እመለከታለሁ። አረም በቀለ፤ ሌላ የለም። መርዝ ቢሆን ነው ብዬ አሰብኩ፤ መርዝ አይበቅልም።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ደጃፌ ላይ ካለው ከጤናአዳሙ አንድ ቅጠል ልቀነጥስ ጎንበስ ስል፣ ከጤናአዳሙ ሥር ፀጉር የመሰለ አረንጓዴ ነገር አየሁ። ቅጠሉ እንደ እንስላል የተሰነጣጠቀ፣ ደቃቅ። አንድ ብቻ አይደለም፣ ቡቃያው ሞልቷል። ጤናአዳሙ የተተከለው በተቆረጠ ቢጫ ጄሪካን ነው። ዘሩን የዘራሁ ዕለት ግማሹን የያዝኩበትን ነጭ ወረቀት ያራገፍኩት እዚያ ጄሪካን አፍ ላይ እንደነበር ትዝ አለኝ። አፈር ያለበስኩት ቀረ፤ ያራገፍኩት በቀለ። ፀሐይ እያየው ነው የበቀለው።

«አትሸፍኛት። ብርሃን ትወዳለች።»

ጓዳ ገብቼ መልእክቶቹን ከላይ እስከ ታች ደግሜ አነበብኩ። ትንሽ ናት፤ አዎ፣ ትንሽ ናት። ብርድ እንዳይመታት። ደረቴ ቀለል ሊለኝ ሲል ግን ያ ተጠራጣሪ ልቤ ክንዴን ያዘኝ። ተክል ከሆነች ለምን ከእኔ ትደበቃለች? «ለባለቤቴ ገና አልነገርኩም» ለቅጠል ይባላል? ያቺ ሴትስ ማን ናት? ተክል የምታሳድግ ሴት፣ ልጅ አትወልድም ያለው ማነው?

በራሴ ስልክ ደወልኩ። «ሃሎ?» አለ የሴት ድምፅ። ዘጋሁት። ወዲያው መልሳ ደወለች፤ ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩት። እዚያም ሆኖ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

የቀረውን ዘር በሌላ ጄሪካን አፈር ላይ በተንኩት፤ በመዳፌ ጫን ብቻ አደረግኩት። ውሃው ዘሩን እንዳያጥበው የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በመርፌ በስቼ እንደ ካፊያ አጠጣሁት። በስምንተኛው ቀን በቀለ። እንግዲህ የዘሩን ነገር አረጋገጥኩ። የቀረኝ የሴትየዋ ነበር። በማግስቱ ለእህቱ አረካ ዘመድ ልጠይቅ ነው ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አረካ ወርጄ የቦምቤውን ያዝኩ።

ቦምቤ መናኸሪያ ቆሜ ደወልኩና «የሱፐርቫይዘሩ ባለቤት ነኝ» አልኩ። «እዚያው ቁም፣ እመጣለሁ» አለኝ ያ ድምፅ። የመጡት ስልሳውን ያለፉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ሴትዮ ነበሩ። ባለቤቴ የተከራየበት ቤት ባለቤት ናቸው። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ «አዬ» እያለ ሰላም ይላቸዋል፤ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። ይህችን ነው እንግዲህ ባለቤቴ «አትሸፍኛት» ያላት። ለእናቴ ያልሆነለት አንቱታ ለእሳቸው ይሆንለታል ብዬ የጠበቅኩ እኔ ነኝ ሞኟ።

«ስልክ የዘጋህብኝ አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ዕጣ ወጣልህ፣ ቁጥር ላክ የሚል ሌባ መሰለኝ እኮ። መልሼ ስደውል ደግሞ አታነሳም! ይሄ የታወቀ ሌባ ነው አልኩ።»

አንዳችን ሌላውን ጠርጥረን እንደነበር ሲገባኝ ልስቅ ከጀለኝ፤ ግን ገና አልጨረስኩም ነበር። በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀሁት ጥያቄ ነበረኝ። ድንገት ጥዬው ፊታቸውን ለማየት ነው ሐሳቤ። ግቢያቸው በር ላይ ስንደርስ ጣልኩት።

«ትንሿ ደህና ናት?»

ፊታቸው በራ።

«ደህና ናት! ግን ምን ትንሽ ትላታለህ? አሁንማ ወልዳለች።»

በሩን ያዝኩ። «ስንት?» አልኩ።

«ማን ይቆጥራል! ግቢውን ሞላች። ና፣ ና እይ።»

ቤቱን ዞርን። በእንሰቱና በጭቃው ግድግዳ መካከል፣ በተቀደደ ሳፋ ውስጥ፣ በሳፋው ዙሪያ፣ በደረጃው ስንጥቅ ሳይቀር፣ መሃላቸው ቢጫ የሆኑ ነጫጭ ጥቃቅን አበቦች ቆመዋል። አንዷን ሴትዮዋ ቀንጥሰው በጣታቸው አሽተው ወደ አፍንጫዬ አስጠጉልኝ። እንደ ፖም ትሸታለች። ሳህን ላይ የዘረገፍኩት የሣር ድቃቂ ሽታ ነው፤ ይሄኛው ግን ነፍስ አለው።

«ካሞ ምናምን ነው ስሟ፤ ምላሴ አልያዘውም» አሉ። «ዘሩን ከሥልጠና ነው ይዞ የመጣው። መጀመሪያ አፈር አለበስናትና እምቢ አለች። ከዚያ ላዩ ላይ በተንናት፣ ወጣች። ከዚያ በኋላ ስሟን ተጠራጣሪዋ አላት።»

«ለምን ተጠራጣሪዋ?»

ሴትዮዋ አዩኝ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ አበባው መለሱ።

«ልክ እንደ ሚስቴ ናት፣ ብርሃን ካላየች አታምንም፣ እያለ ይስቃል። ሻይ አመጣሁላት፣ ቀደደችው አለኝ። ሲበቅል ካላየሁ አልጠጣም አለችኝ፣ እንግዲህ አብቅዬ አሳያታለሁ አለ። አበባ ሳታወጣ እንዳትነግሪያት፣ በቅጠሏ ካየቻት አረም ናት ትላለች አለኝ።»

እውነቱን ነው፤ እል ነበር።

«በዚያ ሳምንት የመጀመሪያዋ አበባ ወጣች» ብለው ቀጠሉ። «በዚህች ጣሳ ነቅለን ተከልናት። ቅዳሜ ይዟት ሊሄድ።» ጣሳዋ አሁንም ግድግዳው ሥር አለች፤ ባዶ ናት። «ሐሙስ ሲሞት ጣሳዋን ረሳናት። በኋላ ሳያት ደርቃለች። ዘሯ ግን ወድቆ ኖሮ፣ ይኸው።»

ገጠመልኝ። ባለቤቴ እኔ ላይ ብቻ ነበር የማይሳሳተው። ያቺን ቡቃያ እኔን አድርጎ ነበር ሲያወራት የከረመው፤ ስለዚህ አምስቱም መልእክቶች ላይ አልተሳሳተም። የእሱን አማርኛ ሠላሳ ዓመት ሳርም የኖርኩ ሰው፣ አንድ ቀን ትክክል ሲጽፍ ማንበብ አቃተኝ።

የተከራየበትን ክፍል እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። ከፈቱልኝ። አቧራው ላይ የአንድ ሰው ፍራሽ ምልክት፣ ለኮት የተመታ አንድ ምስማር። ከበሩ ጀርባ አየሁ። መስኮቱን ከፍቼ ወደ ውጭ አየሁ። ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላም ጎንበስ ብዬ ጥጉን አየሁ።

«ጨረስክ?» አሉኝ ሴትዮዋ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው።

«ጨረስኩ።»

ሥሮቻቸው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለሉ አምስት ችግኞች ሰጥተው ሸኙኝ። በሚኒባሱ ሙሉ መንገድ ጭኔ ላይ አድርጌ ቅጠሉን ከአናታቸው ገልጬ ያዝኳቸው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ይሸፈን እንጂ፣ ነፋሱ ያጠወልገዋል» ሲለኝ «አትሸፈንም» አልኩት።

ከጤናአዳሙ ሥር የበቀሉት ተጨናንቀው ስለነበር ደካሞቹን ነቅዬ ቦታ ሰጠኋቸው። በእበቱ አፈር የተከልኳቸው ቅጠል ብቻ ሆኑ፤ ጥጋብ አይስማማቸውም። ከሲታው አፈር ላይ ያሉት ቀድመው አበቡ። አበባውን ጠዋት ጤዛው ሲረግፍ፣ ነጩ ቅጠሉ ወደ ታች ሳይታጠፍ ቀንጥሼ በወንፊት ላይ ጥላ ውስጥ አደረቅኩት። አፍልቼም ጠጣሁት። እንቅልፍ አመጣልኝ ወይ ለሚለኝ፣ እጠራጠራለሁ።

በሙት ዓመቱ ቤቱ በሰው ሞላ። ፎቶው ግድግዳው ላይ ነው። እኔና የባለቤቴ እህት ሻዩን በፔርሙስ አዘጋጅተን ነበር፤ እሷ ራሷ ግን አልቀመሰችም፤ ስኒዋን አሽታ «ያ መስተፋቅር ነው አይደል?» ብላኝ ነበር ጠዋት። «እሱ ነው» አልኳት። ሌሎቹም እያሸተቱ እርስ በርስ ይተያያሉ። አዬም ከቦምቤ መጥተው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

ቢሮው ተናገረ። ሽማግሌው ተናገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

ጽፌ የያዝኩት ወረቀት ነበረኝ፤ አራት መስመር ነው፣ ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ። ቆምኩ። ፎቶውን አየሁት፣ አዬን አየኋቸው፣ ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ጠፋብኝ። አንድ ነገር ብቻ ነበር ማለት ያለብኝ፤ እሱም እውነት መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ።

«ባለቤቴ ታማኝ ነበረች» አልኩ።

አንድ ሰው ከኋላ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሽማግሌው ሐዘን ነው ብለው አንገታቸውን ደፉ። የተማሪዎቼን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ስሞላ የኖርኩ ሴት፣ የማን ስህተት አፌ ላይ እንዳለ ያወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የባለቤቴ እህት ቀሚሴን ሳብ አደረገችና እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ አረመችኝ።

«ነበር በል እንጂ!»